አልጋ የገዛው ሰው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ አልጋ የሚገዛ ሐበሻ አልነበረም። አትሳቂ ልድያ፣ እውነቴን ነው። አልጋ ገዛ ማለት አገሩን ረሳ፣ እዚሁ ሊቀር ነው ማለት ነበር፤ እና ሁላችንም የለስላሳ ሳጥን ደርድረን፣ በላዩ ፍራሽ ጥለን ነበር የምንተኛው። ተሾመ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ብቻ ትልቅ ባለ ራስጌ አልጋ ባኪ በምትባለው ትንሽ የጭነት መኪና አስጭኖ እኛ ሰፈር፣ ቮስሎሩስ፣ ገባ፤ ታዲያ እንዴት ሳቅንበት መሰላችሁ። ባለቤቴ፣ አሁን ጌታ ዘንድ ነው፣ ቸርች በር ላይ ያዘውና፣ "አንተ፣ ቀረህ አሉ፤ ለእናትህ ምን ብለን እንንገራት?" አለው። ተሾመ ወገቡን እያሻሸ፣ "ጋሼ፣ ወገቤ አገር አያውቅም" አለው።

እኛማ ከስፓዛችን፣ ከሰፈር ሱቃችን ማለቴ ነው፣ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ተኛን። ሦስት ልጅ ሳጥን ላይ አሳደግኩ፣ ሦስት ልጅ። የመጀመሪያዋን ስወልድ፣ "ኧረ አልጋ እንግዛ፣ አራስ ነኝ" አልኩት። "ለጊዜው ነው" አለኝ። ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ "ኧረ ሰፋ ያለ ቤት እንከራይ፣ የቤት ሥራቸውን ባንኮኒው ላይ ነው የሚሠሩት" አልኩት። "ለጊዜው ነው።" ትልቋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ መጋረጃ ጠየቅኩት፤ መጋረጃ ነው ያልኩት፣ ቤት አላልኩም። "ለጊዜው ነው፣ ሆሳዕና የራሷ ክፍል አላት።" አላት እኮ። ሆሳዕና ጂ ፕላስ ቱ እየሠራን ነበር፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ክፍል፣ በየክፍሉ የዋንዛ አልጋ። እኔም ሞኟ ፎቶውን ለደንበኛ ሁሉ ሳሳይ እውል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ስሙ። ያከራየችን ጎጎ፣ እዚህ አሮጊት ሴት ጎጎ ነው የምትባለው፣ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ፣ "ልጄ፣ እኔ ደርባን ልጄ ጋ ልሄድ ነው፤ ግቢውን ለማላውቀው ከምሸጠው ለእናንተ ልሽጠው፣ ልጆችሽ እዚህ ነው ያደጉት" አለችኝ። ሦስት ክፍል፣ ከነሱቁ። የሆሳዕናው ፎቅ ይቅርብን፣ ይህንን እንግዛ ብዬ ባለቤቴን ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። እሱ ምን አላት? "ጎጎ፣ እኛ ሂያጆች ነን።" ታዲያ ማን ገዛው መሰላችሁ? ተሾመ። ባለ አልጋው። እስከ ዛሬ ኪራይ የምከፍለው ለእሱ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን እንኳ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር፣ ክፉም አይደለም።

ታዲያ የሆሳዕናው ቤት አለቀና፣ ከስንት ዓመት በኋላ ልጆቹን ይዘን ልናየው ሄድን። በሩን ስናንኳኳ የዘበኛው ሚስት ልጇን አዝላ ከፈተችልን፣ እና "እንግዶች፣ ግቡ ግቡ" አለችን። እንግዶች! ወደ ላይ ስወጣ በልጆቼ አልጋ ላይ የእሷ ልጆች ልብስ፣ የእሷ ልጆች ደብተር። ምን ልበላት? ዓመታት ባዶ ቤት ጠብቂ ያልናት እኛ፣ አልጋ እያለ መሬት ትተኛ? እሷ ደንግጣ ላስለቅቅ ብትል ባለቤቴ፣ "ተዪው፣ ለጊዜው ነው" አላት። እና ሳሎን ፍራሽ ተነጠፈልን። በገዛ ቤቴ፣ መሬት ላይ። ትንሿ ልጄ በሁለተኛው ቀን፣ "ማሚ፣ ቤታችን መቼ ነው የምንሄደው?" አለችኝ። ቤታችን ያለችው ቮስሎሩስን ነው። ባለቤቴ ያልሰማ መሰለ፤ ሰምቷል ግን፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቤት አንስቶ አያውቅም።

አንተ ምህረቱ ደግሞ ከቴምቢሳ ድረስ መጥተህ፣ "እማማ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት" ስትለኝ ምን ይሆን ብዬ ነበር። ስልክህ ላይ የቤት ፕላን! ሚስትህ ልድያ ይቺውልህ፣ በሚመጣው ወር ልትወልድ ነው፣ ከሱቅ ጀርባ ሳጥን ላይ ነው የምትተኛው፣ አንተ ሆሳዕና አምስት መኝታ ቤት ትለካለህ። አገር ቤት አትሥራ አልወጣኝም፤ እናትህን አኑርበት፣ ስታረጅ ግባበት። ግን ቤት እንደ ዕድሜ ነው። ልጅ የሚያድገው ያለበት ቦታ ነው፣ ፎቁ እስኪያልቅ አይጠብቅህም። እኔ ሦስት ክፍል ሲያስፈልገኝ አንድ ነበረችኝ፤ ዛሬ ልጆቼ ሄደው፣ ባሌ ሞቶ፣ አንዲት ክፍል ስትበቃኝ ሆሳዕና ዘጠኝ ክፍል አለኝ። ይህ እብደት ካልሆነ ምን ይባላል? ንገረኝ እስቲ። ምን አልክ? ጮክ በል፣ ጆሮዬ አይሰማም።

"እሺ እማማ" አለ ምህረቱ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ፤ "ለጊዜው አልጋውን እንገዛለን።"

ሰማሽው ልድያ? ለጊዜው አለ። ነገ ራስሽ ሄደሽ ግዢ፣ ባለ ራስጌውን። እሱን ሳጥኑ ላይ አስተኚው፤ ካጉረመረመ፣ ለጊዜው ነው በይው።