ለሸሪፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር በሚወጣው ባስ ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሴትና ወጣት ጎረቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

"እትዬ፣ ሽማግሌ የላኩት ለማን ነው?"

"ለሸሪፉ ነዋ! ከቤት የሚያስወጣኝ እሱ ነው ሲሉኝ፣ ቄሱን ጨምሬ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ላክሁበት።"

"ቢሮው ድረስ? ምን ተባሉ?"

"መስኮት ላይ ያለችው ልጅ፣ 'እኛ ዳኛ ያዘዘውን ነው የምንፈጽመው። ወረቀት እናደርሳለን፣ ቤት እናስለቅቃለን፣ በጁሪ ተቀምጦ ፍርድ የሚሰጥ ሰውም እንጠራለን። አቤቱታ ግን አንሰማም' ብላ መለሰቻቸው።"

"እውነቷን ነው። ላንድሎርዱስ፣ አከራይዎ፣ ለምን ውጪ አለዎት?"

"'ልጄ ይገባበታል' አለ። ውሸቱን ነው፤ ልጁ ከዚህ ሩቅ፣ ቫንኩቨር ከተማ ቤት ገዝቶ ተቀምጧል።"

"ይህንን ለዳኛው ነገሩት?"

"የት አግኝቼው?"

"ሂሪንግ፣ ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ቀጠሮ፣ ነበረዎት እኮ! ወረቀቱን ያነበብኩልዎት እኔ ነኝ።"

"ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደው ነበር። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል እንጂ አንዴ እምቢ ስለተባለ ይቀራል እንዴ?"

"እሺ፣ እርስዎ ለምን አልቀረቡም?"

"ነገር በሽማግሌ ተይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል? ነውር አይደለም?"

"እትዬ፣ ስላልቀረቡ እኮ ነው የፈረዱብዎት።"

"ቫንኩቨሩን ብናገር ይሰሙኝ ነበር?"

"ሊሰሙዎት ነበር የጠሩዎት።"



"ሸሪፉ ሐሙስ መጥቶ ቁልፉን ይቀይራል" አሉ ሴትዮዋ። "ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ጊዜ ይቀራቸዋል።"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የቤቴን ቁልፍ ጨብጬ ያዝኩት።