በር የማያንኳኳው ቁልፍ ሠሪ

አሰላሙ ዐለይኩም አያ ሐቢብ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ምነው ደጅ ቆሙ? ዛሬ የአዲስ ዓለም ንፋስ ሸጋ አይደለም። ለስልክዎ መንዙማ እንድጭንልዎት ነው አይደል? ሚሞሪውን ይስጡኝ። ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ፤ የደንበኛዬን ፍላሽ እየሞላሁ ነው... ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ባለ ጥቁር ጃኬቱ። አያስቸግርም፤ ዝም ማለት ያውቅበታል።

አይ አያ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም! ፊልሙ ራሱ ነው የጨለመ። ተከታታይ ነው፤ ክፍል በክፍል ነው የሚወጣ። መጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ። እንግዳ ይዘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው አያውቁም? ግድግዳው ላይ ታሪኩ በሥዕል በሥዕል ይሄድ የለም? እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህኛው ላይ ሰዎቹ ሲናገሩ ቃላቸው እንደ ጉም ከአፋቸው ይወጣል። ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የደረስኩበት።

ሰውየው ቀን ቀን ቁልፍ ሠሪ ነው። ሲመሽ ጭምብል ያጠልቅና ከተማውን ከክፉዎች ይጠብቃል። ታዲያ አንዲት ልጅ ይወዳል። ይወዳታል፣ ግን ምን ይላታል? «ከእኔ ራቂ፤ ጠላቶቼ በእኔ ፈንታ አንቺን ይጎዱብኛል።» ከዚያ በመስኮት ይወጣል፤ ዝናብ እየመታው ጣሪያ ላይ ቆሞ መብራቷን ያያል። አይገርምም? የስንቱን ቤት በር የሚከፍል ሰው የእሷን በር ማንኳኳት አቃተው!

ፊልም ነው ብለን እንዳናልፈው ደግሞ፣ ትምህርቱ የገባቸው ወጣቶች አሉ። አንድ ልጅ አለ፤ ማን እንደሆነ አልልም። ሰሊጥ ሊገዛ ሳንጃ ወርዶ በዚያ ሐሩር ጥቁር ጓንት እንዳጠለቀ ዋለ አሉ። ጽናት ነው! ድምፁንም አወፍሮታል፤ ሻይ ሲያዝ አስተናጋጇ ትደነግጣለች። ለአንዲት ልጅም «ሽማግሌ እልካለሁ» ካላት በኋላ፣ «ለደኅንነትሽ ስል ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እንዲህ ለሰው የሚያስብ ከየት ይገኛል?

ልጅቷን? አውቃታለሁ መሰለኝ... ጠዋት ጠዋት ቁርስ የምበላው ከእሷ ጋር ነው፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። እናቷ ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ምንጣፍ አራገፈች፤ ጠቀለለች፤ እንደገና አራገፈች። እኔማ ልጁ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ጣሪያችን... ጣሪያቸው ማለቴ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፤ ድመት ስታልፍበት እንኳ ሰፈሩ ይሰማል። ድመቷን ብቻ ሰማሁ።

ለእሱም አዘንኩለት። «ለካስ ጠላት አለበት!» ብዬ ጠላቶቹን ፍለጋ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊዎቹን ጠየቅሁ፤ «ሸጋ ልጅ ነው» አሉኝ። ሥጋ ሻጩም፣ ሸጋ ልጅ። እስከ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ፤ ክፉ የሚያስብበት ቀርቶ የሚያማው ጠፋ። የተቀየመው አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ እሷም ብትሆን ዛሬም ስልክ ሲጮህ ከሁላችን ቀድማ የምትነሣ ናት... ጠላት አትባልም።

የፈሩት ይደርሳል፣ ያዘገዩት ይወረሳል ይባል የለም? አይባልም እንዴ? ቢባል ጥሩ ነበር።

እርስዎማ ያውቁታል፤ እሁድ አባቴ አጠገብ የሚቀመጡት እርስዎ አይደሉ? ከትክል ድንጋይ የዐብዱልከሪም ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ያ ዐብዱልከሪም ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው! ጭምብል የለው፣ ጓንት የለው... በጠራራ ፀሐይ፣ በበር! ቤት መስኮት እንዳለው የሚያውቅም አይመስለኝ። ዛሬ ገና ሐሙስ ነው። አባቴም ለማንም ቃል አልሰጠም። ይህን የምልዎት እንዲያው ለጨዋታ ነው።

የፊልሙን መጨረሻ ልንገርዎት? ያላየ ሰው እዚህ ካለ ጆሮውን ይያዝ። ሰውየው ጠላቶቹን አንድ በአንድ ይጨርሳል። ጭምብሉን ወንዝ ይጥልና በቀን ብርሃን ሄዶ በሯን ያንኳኳል። ማን ከፈተለት? ትንሽ ልጅ። ወደ ውስጥ ዞሮ፣ «እማዬ፣ ቁልፍ ሠሪው መጥቷል!» አለ። እሱስ?... የበሩን ቁልፍ አበጅቶ ሄደ።

ይኸው፣ ሞላ። አያ፣ ፍላሹን ወደ ጥጉ ያቀብሉልኝ፤ እጄ አይደርስም። ሙሉው ገብቷል፣ የመጨረሻው ክፍልም ጭምር። እሁድ ቀኑን ሙሉ ተረጋግቶ ያየዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ስለሚሆን ማንም አይረብሸውም።

እንግዲህ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ አሚን ይበሉልኝ። ያን የነገርኩዎትን ልጅ አላህ ይጠብቀው። ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ጃኬቱንም አያሳጣው። ደግሞ ከማያልቀው ስጦታው አንድ ጠላት፣ ትንሽም ቢሆን አንድ ጠላት አይንፈገው... አርጅቶ «ምነው ያኔ ቀረህ?» ሲሉት የሚጠራው ስም እንዳያጣ።

አሚን።