ላም የሌለው ቤት ፉርሽካ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ባለወፍጮው ግን የሚጠረጥሩት ሰው ሲያጡ የገዛ ጥላቸውን ዞር ብለው የሚያዩ ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ስንዴ ፈጭተዋል። «የእኔ ዱቄት ከወተት ይነጣል» ማለት ኩራታቸው ነው። ከወንፊቱ የቀረውን ፉርሽካ ደግሞ በጓሮ በር ለከብት አርቢዎች ይሰጣሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በዚያው በጓሮ በር ብቅ ቢሉ፣ ከከብት አርቢዎቹ ሰልፍ መሃል ማንን ቢያዩ ጥሩ ነው? የልጃቸውን ሚስት! በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ የምትሠራዋን፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት የምትኖረውን ምራታቸውን፤ ያውም ፉርሽካ የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ።

የሰውዬው ደም ፈላ። ላም የላቸው፣ በግ የላቸው፣ ዶሮ እንኳ የላቸው! ይሄኔ ሌላም ነገር ትዝ አላቸው። ከሦስት ወር በፊት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሲያጉረመርም ሰንብቶ ነበር። የቤቱን ዳቦ የምትጋግረው ደግሞ እሷ ናት።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉና ከጆንያዎቹ መሃል አስቀመጧት። «ይሄ ለማን ነው?»

«ለ... ለቤት ነው አባባ።»

«የትኛዋ ላም ልትበላው?»

ምራት ፌስታሉን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዳቦዬ ውስጥ ስትጨምሪ ከርመሻል! የከብት ቀለብ አብልተሽኛል!»

«አዎ አባባ፤ አጥፍቻለሁ» አለች ፌስታሉን መልሳ ፊታቸው አስቀምጣ። «ብነግርዎ እሺ አይሉኝም ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ደግሞ አበዛሁትና ሆድዎን አሳመምኩት። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ነው የምጨምረው።»

መቼም እውነቱን እንነጋገር፤ ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። ሰውን ሳያሳውቁ ማብላት፣ ለደግ ቢሆንም ነውር ነው።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አሉ ባለወፍጮው። «ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ስኳሬ በኪኒኑ ካልወረደ መርፌ ነው። ወንድሜም በመርፌ ጀምሮ እግሩን አጣ!»

«አጎታችን እግራቸውን ያጡት በመርፌው አይደለም፤ መርፌውን ፈርተው ስለዘገዩ ነው። እኔም ለእርስዎ እግር ብዬ ነው አባባ።»

«ፉርሽካ ሰው ሆድ ውስጥ እንደሚፈጭ ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

«ልክ ብለዋል፣ እኛ አንፈጨውም። እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቁት አሉ።»

«እነማን?» አሉ ዙሪያቸውን ቃኝተው።

«ባክቴሪያዎች። ስፍር ቁጥር የላቸውም።»

«በኔ ሆድ? እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ እኮ!»

«ንጹሕ ሰውም አለው፤ በሽታ የሚያመጣው ሁሉም አይደለም። የቤታችንን እርሾ ያስቡት። አንድ ወር ዱቄት ብንነፍገው ምን ይሆናል?»

«ይበላሻላ!»

«የሆድዎም እንደዚያው ነው። ነጩ ዱቄት ገና ከላይ በትንሹ አንጀት ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ ለእነሱ ብዙም አይተርፍም። ፉርሽካው፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሲደርሳቸው ግን ያብላሉትና ጠቃሚ አሲድ ያወጣሉ። እሱ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፤ ሰውነት ስኳሩን እንዲቆጣጠር ያግዛል።»

«እና ኪኒኔን ልተወው?»

«ኧረ በፍጹም! ይሄ ከኪኒኑ ጋር ነው እንጂ በኪኒኑ ፈንታ አይደለም።»

«ሐሙስ እናያለን» አሉ ባለወፍጮው። እስከዚያ ድረስ እሷ የጋገረችውን አልቀምስም ብለው ከጎረቤት እየተዋሱ በሉ።

ሐሙስ ሐኪሙ የሦስት ወሩን ስኳር የሚያሳየውን ውጤት አየና ፈገግ አለ። «ወርዷል፤ መርፌው ይቆይ። ምን አደረጉ?» እሳቸው መች አመኑ! ላብራቶሪው እኮ የምራታቸው መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱን አስተካክላው ቢሆንስ? ማንም ወደማያውቃቸው ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደው እንደገና ደም ሰጡ። ውጤቱ ያው ሆነ። ያኔ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያዩም አለቀሱ።

በሳምንቱ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያልተነፋ ዱቄት የሞላ ጆንያ ቆመ።

«ወንፊትዎ ተቀደደ እንዴ?» አለች አንዲት ደንበኛ።

«ወንፊቴስ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሆድ አያደርቅም፣ ቶሎ አያስርብም፣ ስኳርንም ቶሎ ከፍ አያደርግም። በትንሹ ጀምሪ፣ ውኃ ጠጪበት። ደግሞ ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው፤ እንዳትደብቂ!»

ቤት ሲገቡ ግን ዱካ ይዘው ወጥ ቤት ተቀመጡ። «ከእንግዲህ ስታቦኪ እያየሁ ነው የምበላው» አሉ። ምራትም «ይገባዎታል» ብላ ታቦካ ጀመር። ጥቂት እንዳዩ አላስችል አላቸውና ተነሥተው አንድ እፍኝ ፉርሽካ ጨመሩ፤ ሁለተኛውን ሲያነሡ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ በዛ! ሆድዎን ያምዎታል!»

«አንቺ ሳላይሽ ጨምረሽ የለም እንዴ? እኔ እያየሽኝ ብጨምር ምን አለበት?» አሉና ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ እጃቸውን ግን አለቀቀችም።