የተታ ኦርጋንና የአልማዝ ከበሮ

የልጄ ክርስትና ዕለት ጉድ ሆንኩላችሁ! እዚህ ቤይሩት፣ ዶራ ውስጥ ባለችው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን የሚጫወቱ ሊባኖሳዊት አሮጊት አሉ፤ ሁላችንም «ተታ» ነው የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ጓደኛዬ አልማዝ ከበሮዋን አንግታ ስትመጣ በሩ ላይ ጠበቋት። «ባለፈው ጊታር፣ አሁን ደግሞ ከበሮ! ኸላስ፣ በቃ፣ ይሄ ዘመናዊ ነገር ቅዳሴ ውስጥ አይገባም» አሉ። አልማዝም «ተታ፣ ለእኛ ዘመናዊው የእርስዎ ኦርጋን ነው፤ ከበሮማ ከአያቶቻችን ጀምሮ አለ» አለቻቸው። ተታ ወይ ፍንክች! ልጄ በአገሯ ዝማሬ እንድትጠመቅልኝ ስንት ጓጉቼ ነበር፤ ግን መከራከር አልችልበትም። ከበሮው በር ላይ ቀረ።

አባ ውሃውን በልጄ ራስ ላይ ሲያፈሱ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እልልል አልኩት! ያውም ብቻዬን፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እልልታ ሊባኖሶች ዘንድ የሠርግ ነው፤ አንድ ሽማግሌማ ሙሽራ የምትገባ መስሏቸው ወደ በሩ አንገታቸውን አሰገጉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ከኦርጋኑ በኩል ሌላ እልልታ ተሰማ፣ ከእኔ የረዘመ። ተታ ናቸው! «ለልጅ ልጄ ሠርግ አስቀምጬው ነበር፤ እሷ አላገባም አለች» አሉ እየሳቁ። ቀጠሉና ወደ አልማዝ ዞረው «ያላ! ምን ትጠብቂያለሽ? አምጪው እንጂ!» አሏት። ከበሮው ገባ። እኛ ስናሸበሽብ ተታ በኦርጋናቸው ሊከተሉን ሞከሩ፤ ሲያቅታቸው ክዳኑን ዘግተው መጡና መሀላችን ገብተው አጨበጨቡ።