አሥር ደቂቃ ይቀረኛል

እኔ ዳንቴል መሥራት እወዳለሁ፤ ግን ጀምሬ አልጨርስም። ለቲቪያችን ማልበሻ የጀመርኩት ሁለት ዓመት ሞላው። ባለቤቴ የሚሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ «ሬት» የሚባል ነገር አለ፤ በሰዓት ይህን ያህል ዕቃ ካላነሳህ ትባረራለህ። «አንቺም ሬት ያስፈልግሻል» ብሎ የኩሽና ታይመር ገዛልኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ እሞላና እስኪጮህ ድረስ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። እውነትም ሥራው ሮጠ። እኔ ግን ልጄ ስታለቅስ እንኳ መጀመሪያ ታይመሩን ነበር የማየው።

አንድ ጠዋት ልጄን አስተኝቼ ስሠራ በር ተንኳኳ። እትዬ አልማዝ ናቸው፣ እዚሁ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት። ዳንቴል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በየጠዋቱ እየመጡ አብረን እየሠራን እናወራ ነበር። ሳልነሳ፣ «እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ይቀረኛል፣ ይጠብቁኝ!» አልኳቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዳንቴል!»

ታይመሩ ሲጮህ ሮጬ ከፈትኩ። ኪሮሻቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። «ይግቡ እንጂ» ብላቸው፣ «ልጄም ቆይ ትለኛለች፣ የልጅ ልጆቼም ቆይ ይሉኛል። ቆይ የማልባለው አንቺ ጋ ነበር» አሉና ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ። በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «አልተቀየምኩም፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ሸኙኝ።

ማልበሻው አልቋል። ባለቤቴም «አየሽ?» ብሎኛል። እኔ ግን ታይመሩን መሳቢያ ከትቼ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ እሠራለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። እስካሁን እሳቸው አይደሉም።