ቢላ ያልተጻፈበት ደብዳቤ

የመጋቢት ፀሐይ በረዶውን ሳያሳሳብኝ አንድ ሁለት ዓሣ ላውጣ ብዬ ወደ ሐይቁ ስወርድ ጎረቤቴን አቶ ኤንሲዮን አገኘኋቸው። እንደ ወትሯቸው ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው፣ በረዶው ላይ በበሷት ጠባብ ቀዳዳ ክራቸውን ለቀዋል። የእህታቸው ልጅ ታይካ ደብዳቤ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ሐይቅ በበረዶ በሚጋገርበት በእኛ አገር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አይረበሽም፤ ሰላምታው እንኳ በአንገት ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

"ዓሣውን ሁሉ በጩኸት አባረራችሁት እኮ!" አልኳቸው።

"እሰይ መጣህ፤ አንተ ፍረደን" አሉ ኤንሲዮ። "ኩላሊትህ ላይ ካንሰር አለ አሉኝ። ቀጠሮው ነገ ነው። ደብዳቤውን እየው፤ 'ቀዶ ጥገና' አይልም፣ 'አነስተኛ ሕክምና' ነው የሚለው።"

"እና?"

"እናማ አልቆልኛል! ተስፋ ያለውን በቢላ ይከፍቱታል፤ ተስፋ የሌለውን በመርፌ ነካ ነካ አድርገው ይሸኙታል። አሁኑኑ ደውዬ እሰርዘዋለሁ።"

"ሐኪሙ ሲነግርዎት ምን አሉት?" አለች ታይካ።

"'ይሁን' አልኩት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይባላል?"

ተናደድኩ። ሐኪሙን አንዲት ነገር ሳይጠይቁ ቤት ገብቶ በገዛ ራስ ላይ መፍረድ የእኛ አገር ወንዶች ዋና በሽታ ነው። ካንሰሩ ቢድን እንኳ ይህኛው ይገድለናል።

ታይካ የሰውነትን ውስጥ በመሣሪያ በሚያነሣው የሆስፒታሉ የምስል ክፍል ነው የምትሠራው። "አጎቴ፣ ይስሙኝ" አለች። "ልብዎ ደካማ ነው፤ ከባድ ቀዶ ጥገና ይጎዳዎታል። እብጠቱ ደግሞ ገና ትንሽ ነው። ይህ የተመረጠው ሊያድንዎት እንጂ ሊሸኝዎት አይደለም። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ ቀጭን መርፌ እብጠቱ ድረስ ያስገባል፤ ከዚያ ያቀዘቅዘዋል። እብጠቱ በረዶ ሆኖ ይሞታል።"

"ውርጭ ያስመታዋል በይኛ!" አሉ። ባለፈው ሰኔ ውርጭ የድንች ቡቃያቸውን አጥቁሮባቸዋል። "ግን ሳይከፍቱኝ ምን ያያሉ?"

"እዚህ ዓሣ እንዳለ እርስዎ በምን አወቁ?"

ከእግራቸው ሥር ያለችውን፣ ከበረዶው በታች ያለውን ዓሣ በስክሪን የምታሳይ መሣሪያ በጓንታቸው መታ መታ አደረጓት። "በዚህች ነዋ!"

"ታዲያ ለአንድ ዓሣ የሐይቁን በረዶ በሙሉ ሰበሩት?"

ኤንሲዮ ቀዳዳዋን አዩ፣ ማሳያዋን አዩ። "እብጠቱ ሁሉ ባይሞትስ?" አሉ።

"አልዋሽዎትም፤ የሚተርፍ ሊኖር ይችላል፣ ሊደማም ይችላል። ለዚያ ነው ከዚያም በኋላ በየጊዜው ምስል የሚያነሱት፤ ቀሪ ካለ ይደግሙታል። ይህ ሕክምና ለሁሉም ካንሰር አይሆንም። ለእርስዎ ግን ይሆናል።"

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። በቃ፣ ሊሰርዙት ነው አልኩ በልቤ።

"ኤንሲዮ ነኝ። ስለ ነገው ቀጠሮ ነበር" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሦስት ጥያቄ አለኝ።"

ታይካ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ።

በማግስቱ ሄዱ፤ አንድ ሌሊት አድረው ጎናቸው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው ተመለሱ። በግንቦት ድንቻቸውን በገዛ እጃቸው ተከሉ። በመጀመሪያው ምስል ላይ የሞተ ጠባሳ እንጂ ሌላ አልታየም፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። ሰፊ ቁስል ሳይሸከሙ፣ ደካማ ልባቸውን ሳያስጨንቁ፣ ከነኩላሊታቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እናንተም ሐኪም ፊት "ይሁን" ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሕክምናን ትልቅነት በቁስሉ ስፋት አትለኩ።

በሰኔ ውርጩ እንደገና መጥቶ የቡቃያውን ግማሽ ወሰደ። ላጽናናቸው ብሄድ ኤንሲዮ አጥር ተደግፈው ይስቃሉ።

"ይውሰድ" አሉኝ፤ "ባለውለታዬ ነው።"