በኖሞቶ ማኅተም የተላኩት መኪኖች

የወደብ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዮኮሃማ
የምስክር ስም፦ ሴይጂ ኩሚታ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በሚናሴ የመኪና ፋብሪካ የውጭ ሽያጭ ክፍል ጸሐፊ
አድራሻ፦ ዮኮሃማ፣ ጹሩሚ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኖቬምበር 10 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የሟች የአቶ ኪዮሺ ኖሞቶ የሥራ ባልደረባ ነበርኩ። ዝምድና የለንም፤ ጸብም አልነበረንም። የተጠራሁት ከሟች ኪስ ስለተገኘው ብረት እንዳስረዳ ነው። ብረቱን አይቼ ለይቻለሁ። ከድርጅታችን የስፖርት መኪና ኋላ የሚለጠፍ፣ «ካዋሴሚ» የሚል የስም ብረት ነው። ሁለቱ እግሮቹ የተሰበሩት ሲነቀል ነው።

የስፖርት መኪናችን አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። እዚህ ካዋሴሚ ይባላል፤ ውሃ ላይ ተወርውራ ዓሣ የምትይዝ ወፍ ስም ነው። በማስታወቂያው ላይም ሐይቅ ዳር ቆሞ ይታያል። የአሜሪካ ሻጮች የወፍ ስም ያለውን መኪና ወንድ አይገዛውም ስላሉ እዚያ ኬ-230 ተባለ፤ ማስታወቂያውም የእሽቅድምድም ሜዳ ሆነ። በምዕራብ ጀርመን አንድ ሞተር ሠሪ ይህንኑ ቁጥር ቀድሞ አስመዝግቦት ስለነበር ለዚያ ኤም-23 እንዲባል ተወሰነ። ካዋሴሚ የሚለውን ስም ያወጣው ሟች ነው።

በየመርከቡ ለሚጫኑት መኪኖች የትኛው ስም እንደሚለጠፍ የሚያዝዘውን ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ። ሟች አረጋግጦ በፊርማ ፋንታ የስሙን ማኅተም ይመታበታል፤ ቀጥሎ አለቃችን አቶ ሃራጉቺ ይመታል። አለቃችን የሟችን ማኅተም ካየ ቅጹን አንብቦ አያውቅም። ሁላችንም ማኅተማችንን መሳቢያችን ውስጥ እንተዋለን፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ይመታለታል። የተከለከለ ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል።

ኤፕሪል 8 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ30 ሟች ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ልጁ ሳዮ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ሥነ ሥርዓት ነበር። በዕድሜው ገፍቶ ያገኛት አንድ ልጁ ናት። መርከብ በሚጫንበት ሳምንት በእኛ ክፍል ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ እሱም አልጠየቀም። «ኩሚታ፣ ሁለት ሰዓት ሸፍነኝ። አለቃ ከጠየቀ ሆዱን አሞታል በል» አለኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት? አምቡላንስ ነው የሚጠራልዎት» አልኩት። ሳቀ። አዲስ ክራባት አድርጎ ነበር።

4 ሰዓት ከ15 ላይ ከወደቡ ተደውሎ፣ የጀርመኑ ቅጽ አሁን ካልደረሰ መርከቡ አይጠብቅም ተባለ። ከአሜሪካው ቅጽ ላይ ገለበጥኩ። መዳረሻውን ለወጥኩ፤ ስሙን ሳልለውጥ ቀረሁ። መልሼ አላነበብኩትም። የሟችን መሳቢያ ከፍቼ ማኅተሙን አወጣሁና መታሁበት። ሟች ቢኖር ኖሮ ስህተቱን ያየው ነበር። 312 መኪኖች ኬ-230 ተለጥፎባቸው ሄዱ።

ጁን 14 ቀን መኪኖቹ በጀርመን ብሬመርሃፈን ወደብ ላይ ታገዱ። በማግስቱ አለቃችን ቅጹን ይዞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆመ። «ማነው ያረጋገጠው? ይህ ማኅተም የማነው?» አለ። ሟች ቅጹን አየ። ቀኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ጠረጴዛዬን አየሁ። «የኔ ነው» አለ። አልመታሁም ቢል የት እንደነበረ ይጠየቅ ነበር፤ እኔም እጠየቅ ነበር። ቅጹን ማን እንደሞላው የጠየቀ የለም። በእኛ ቤት የሚጠየቀው ያረጋገጠው ነው።

ሟች ከ19 ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ ወደቡ መጋዘን ተዛወረ። ለአገር ውስጥ ተሠርተው የነበሩ ካዋሴሚዎች ወደ አሜሪካ ሲላኩ የስም ብረታቸውን እየነቀለ ቁጥር ይለጥፍ ነበር። የመጋዘን ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት «ስም አውጪው መጣ! ዛሬስ ስንቱን ስም አልባ ልታደርግ ነው?» ይሉት ነበር። የጀርመኑ ችግር በ11 ቀን አልቋል። እዚያው ወደብ ላይ ብረቶቹ ተቀይረው መኪኖቹ ተሸጡ። አለቃችን በሴፕቴምበር እድገት አገኘ። ሟችን የመለሰው የለም።

ኖቬምበር 5 ቀን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ሄጄ አገኘሁት። ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሩዝ ይበላ ነበር። «አቶ ኖሞቶ፣ ሰኞ ለአለቃ እነግራለሁ። የመታሁት እኔ ነኝ እላለሁ» አልኩት።

«አምስት ወር ቆጥረህ ሰኞን መረጥክ?» አለኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ሳዮ ካዋሴሚ መንገድ ላይ ባየች ቁጥር አባዬ ነው ስም ያወጣለት ትላለች። ባለፈው እሑድ ተረኛ ስለነበርኩ ይዣት መጣሁ። ስነቅል አየችኝ። አባዬ፣ ለምን ትነቅለዋለህ፣ ጥፋት ሠራ እንዴ አለችኝ።»

ምን እንደመለሰላት ጠየቅኩት። «አንተ ሰኞ ንገረው፤ ከዚያ እመልስላታለሁ» አለ።

ሰኞ ኖቬምበር 8 ቀን ሁለት ጊዜ ወደ አለቃችን ጠረጴዛ ሄድኩ። መጀመሪያ ስልክ ላይ ነበር። በሁለተኛው «ምን ፈለግህ?» ሲለኝ በእጄ የነበረውን ቅጽ ሰጠሁት። ሳያነብ ማኅተሙን መታበት። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሟች ከመጋዘን ደወለ። «ነገርከው?» አለኝ። «ነገ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዘጋ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ አስከሬኑ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው የባሕር ግድብ ሥር መገኘቱን የሰማሁት ከፖሊስ ነው። ተንሸራትቶ ይሁን ሆን ብሎ አላየሁም፤ አላውቅም። ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አለቃችን «ስህተቱ ሲከነክነው ነበር፤ እንደዚያ ብለህ ተናገር» ብሎኛል። ስህተቱ የሟች አልነበረም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቱና ልጁ እስካሁን የሚያውቁት ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው፤ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩበትም። ቃል ተቀባዩ ማኅተሜን እንዳሳርፍ ጠይቆኝ ነበር። ማኅተሜ እንደ ወትሮው መሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጣቴ አትሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሴይጂ ኩሚታ (የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት አሻራ)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት መርማሪ ቴጹኦ ኢባራጊ (ፊርማና ማኅተም)